አሮጌው ፕሮግራምና የሾፌሩ ቅንድብ

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሳይገባ ሚዛን ተፈሪ ያለውን ሱቄን ዘጋሁ። ቁልፉን ሳስረክበው አከራዬ፣ "ምነው ይልማ፣ ገና ሃምሳ ሦስትህ አይደል? ጡረታ እኮ በስድሳ ነው" አለኝ። ጡረታ የሚያወጣኝ መሥሪያ ቤት ስላልነበረኝ ራሴን በራሴ አወጣሁ። የምስጋና ደብዳቤ አልተጻፈልኝም፤ ጋቢም አልተሸለምኩም። አሁን ወደ ሸኮ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው የአባቴ ቁራሽ መሬት ላይ ኮረሪማ እተክላለሁ። ኮረሪማ ከኮምፒውተር የሚሻልበት አንድ ነገር አለ፤ አዲስ ቅጠል ስላወጣ ብቻ ሥሩ ሥራ አያቆምም።

ሥራዬ ትክክለኛ ስም አልነበረውም። ከማሻ እስከ ቱም ያሉ ፎቶ ቤቶች ኮምፒውተራቸው "አፕዴት" ተደርጎ አሮጌው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራማቸው አልከፈት ሲል፣ ወይም ተከፍቶ መሃል ላይ ድርግም ሲል፣ እኔን ይጠሩ ነበር። ሰው ስልኩ ላይ ፊቱን በአንድ ጣት ማሳመር ሲጀምር ግን ፎቶ ቤቶቹ አንድ በአንድ ወደ ፎቶ ኮፒና ወደ ሞባይል መለዋወጫ ዞሩ። በሽተኞቹ አለቁ፤ ሐኪሙም ሥራ ፈታ።

ስለ ድሮ ፎቶ ቤት የሚጽፍ ሰው ሁሉ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። እንዲህ ያሉ ጽሑፎች ብዙ አንብቤአለሁ፤ አንዳቸውም ሽታውን አይጠቅሱም። የእኛ አገር ፎቶ ቤት በሻጋታ ይሸት ነበር። ዝናቡ መምጣት እንጂ መሄድ ስለማያውቅ የካሜራው ሌንስ ውስጥ ፈንገስ ይበቅላል፣ ነጋቲቭ ከነጋቲቭ ይጣበቃል፣ የታጠበ ፎቶ ሳይደርቅ ይከርማል። ደንበኛው ደግሞ እንደ ሐውልት ተገትሮ ይነሳና "ለምን አልሳቅኩም?" ብሎ ይጣላል። ይህን ሁሉ እያወቅኩም ይናፍቀኛል። ናፍቆት ግን ማስረጃ አይደለም።

ሥራ የጀመርኩት ቴፒ ነው፤ አንድ የቡና እርሻ ጽሕፈት ቤት ውስጥ የሠራተኞች መታወቂያ እሠራ ነበር። አለቃችን ኮምፒውተር ይደክመዋል ብለው ከልባቸው ያምኑ ነበር። ልክ ስድስት ሰዓት ሲሆን አጥፍተን በነጭ ጨርቅ እንሸፍነዋለን፤ ስምንት ሰዓት ላይ ጨርቁ ይገለጣል። ያኔ በልቤ እስቅባቸው ነበር። በኋላ ስንት ቢሮ ስዞር ያየሁት ግን ዕድሜ የጠገበ ኮምፒውተር ያ የእሳቸው ብቻ ነው። ከቴፒ ማሻ ሄድኩና ሁለት ዓመት አንድ ሶኬት ለመቀየር ሦስት ፊርማ በሚጠየቅበት ቢሮ ቆየሁ። እዚያ የሠራሁትን ሥራ አላስታውስም፤ ያነበብኳቸውን መጻሕፍት ግን ሁሉንም አስታውሳለሁ። ከዚያ ሚዛን መጥቼ ጋሽ ተሰማ ፎቶ ቤት ተቀጠርኩ፤ ሙያ የሚባለውን ነገር ያየሁት እዚያ ነው።

ጋሽ ተሰማ የፊልም ዘመን ሰው ነበሩ። ነጋቲቭ ላይ ያለ ጠባሳ በተሳለ እርሳስ ጫፍ እየነኩ ሲያጠፉ የኖሩ ናቸው። ሃምሳ ሊሞላቸው ሲል ኮምፒውተር መጣ፤ እሳቸውም ሳያጉረመርሙ ተማሩ። እንግሊዝኛ አይችሉም። ፕሮግራሙን በቃላቸው የያዙት በቦታ ነው። "ከላይ አራተኛው፣ ከዚያ ወደ ታች ሰባተኛው፣ ከዚያ በስተቀኝ ሁለተኛው" ይላሉ፤ ልክ መንገድ እንደሚያመለክት ሰው። አዲስ ዕትም መጣ ሲባል እጃቸውን ያወናጭፉ ነበር። "አዲሱ ሲመጣ ሰባተኛው ስምንተኛ ይሆናል። ቤቴን ማታ ማታ እያፈረሰ ጠዋት ሌላ በር ከሚያወጣልኝ ሰው ጋር ምን አገናኘኝ?" ስለዚህ ቤታችን የነበረው ፕሮግራም አርጅቶ አርጅቶ "ሽማግሌው" የሚል ስም ወጣለት።

ፎቶ ከመንካታቸው በፊት ሁለት ነገር ያደርጋሉ። አንደኛው፣ ፋይሉን ገልብጠው ቅጂውን ሌላ ቦታ ያስቀምጣሉ። ሁለተኛው፣ የሰውየውን ስም ይጠይቃሉ። ከዚያ እየሠሩ ያወሩታል፤ "አቶ እከሌ፣ አንዴ ቀና በል... ይኸውልህ፣ አሁን ኮሌታህ ተስተካከለ።" መጀመሪያ ሰሞን ያማቸዋል ብዬ ነበር። በኋላ ሳስበው፣ ስሙን የምትጠራውን ሰው ፊት በግዴለሽነት አትቆርጥም።

አብዛኛው ሥራችን ከመታወቂያ ላይ ፎቶ ማሳደግ ነበር። ባላገሩም ከተሜውም ሲሞት ከኋላው የሚተወው ፎቶ ያቺ የአውራ ጣት የምታህል ናት፤ በዚያ ላይ የቀበሌው ሐምራዊ ማኅተም ጉንጩ ላይ ወይም ግንባሩ ላይ ያርፍባታል። ማኅተም ማንሳትን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ፎቶ በኮምፒውተር ውስጥ የሦስት ቀለማት ድርብርብ ነው፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ። ሰማያዊውን ለብቻው ስታየው ሐምራዊው ቀለም ይሳሳና ከሥሩ የተደበቀው ቆዳ ብቅ ይላል። ያንን መሠረት አድርገህ የቀረውን በትንሽ በትንሹ ከጎን እየወሰድክ ትሞላለህ። ጋሽ ተሰማ ከማኅተሙ በኋላ አንድ ሌላ ሥራ ይጨምሩ ነበር፤ ዓይን ማመሳሰል ይሉታል። ከሁለቱ ዓይኖች ከነቅንድቡ ያማረውን ይቆርጡና ገልብጠው በሌላው ላይ ይደርባሉ። ሰውየው ወዲያው ቀጥ ያለ፣ የተከበረ፣ የባለሥልጣን ፊት ያለው ይሆናል። ይህን ያልወደደ ደንበኛ ገጥሞኝ አያውቅም። ወይም እንዲህ ይመስለኝ ነበር።

ዓይናቸው ሲደክም ቤቱን ለእኔ ትተው ቴፒ ልጆቻቸው ዘንድ ገቡ። ሲሄዱ የተናገሩት አንድ ነገር ነው። "ሽማግሌውን ተወው፣ እንደለመደው ይኑር።" ጥቂት ዓመት ታዘዝኩ። አሮጌው ፕሪንተር ሲሞት የተገዛው አዲሱ ፕሪንተር ግን አሮጌውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም አላውቀውም አለ። ጎረቤቶቼ "አፕግሬድ አድርገው እንጂ፣ ምን ታመነታለህ!" አሉኝ። እኔም አፍሬ፣ የጋሽ ተሰማ ፍርሃት የእንግሊዝኛ ፍርሃት ነው፣ እኔ ማንበብ እችላለሁ አልኩ። አንድ አርብ መብራት ሳይጠፋ ውሎ ሥራው ተጠናቀቀ። ፕሪንተሩ ሠራ። ሽማግሌውን ስከፍተው የመግቢያ ሥዕሉ ብቅ አለ፣ ከታች ጥቂት ጽሑፍ ሮጠ፣ ከዚያ ጠፋ። ስህተት ተፈጠረ አላለም፣ ምክንያት አልሰጠም። በሩን ከፍቶ አይቶኝ መልሶ የዘጋው ያህል ነበር።

ሰኞ ጠዋት እትዬ ሐዋ መጣች። እትዬ ሐዋ ገበያው ውስጥ ኮረሪማ፣ ጥምዝና ሌላ ቅመም የምትነግድ፣ ወላጆቿ ከጅማ በኩል የመጡ፣ በዕድሜ ከእኔ ጥቂት ከፍ የምትል ሴት ናት። ባሏ ሐሰን የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ሰዓዳ የምትባል ልጃቸው ገና በእግሯ ሳትሄድ መንገድ ላይ ሞተ። ጋሽ ተሰማ ከመታወቂያው ላይ ትልቅ ፎቶ ሠርተውላት ነበር። ሦስት ሳምንት ፈጅቶባቸዋል፤ በሕይወታቸው ከሠሩት ሁሉ የሚኮሩበትም እሱ ነው።

"ሰዓዳን ልድራት ነው፣ እሁድ ሳምንት" አለችኝ።

"እንኳን ደስ ያለሽ!"

"አባቷ በሰርጓ ፎቶ ላይ አጠገቧ እንዲቆም ትፈልጋለች። የስንት ሰው ፎቶ ገጣጥመህ ሠርተህ የለም? እሷንም ሥራላት።" ከፌስታል ውስጥ ፎቶውን አወጣች። ጣሪያው አፍስሶበት ፊቱ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቋል፤ ስትነቅለው ግማሹ ጉንጭ መስታወቱ ላይ ቀርቷል። "ይኼ አለቀለት። አንተ ጋ በኮምፒውተር አለ አይደል?"

"አለ" አልኩ። አለ። ሽማግሌው ብቻ በሚያነበው ዓይነት ፋይል፣ ጋሽ ተሰማ በላዩ የደረቡት ንብርብር ሁሉ እንደ ተጠበቀ። መታወቂያውን ደግሞ የመኪናውን አደጋ ጉዳይ ያየ ቢሮ በኋላ ወስዶ ሳይመልስ ቀርቷል። ጋሽ ተሰማ በሲዲ ያስቀመጡትን ቅጂ ሳወጣው ሽፋኑ እንደ ሽንኩርት ተላጠ። ያ ሰው በዚህ ዓለም ላይ የቀረው በአንድ ፋይል ውስጥ ነው።

ከሰኞ እስከ ረቡዕ የማውቀውን ሁሉ ሞከርኩ። ፕሮግራሙን በአሮጌው ሲስተም ላይ እንዳለ አስመስዬ አስነሳሁት። የቆዩ ምርጫዎቹ የተጻፉበትን ፋይል አጥፍቼ እንደ አዲስ እንዲጀምር አደረግኩ። አንዳንድ አሮጌ ፕሮግራም ፕሪንተሩን ፈልጎ ሲያጣ ይወድቃል፤ ፕሪንተሩን ነቅዬ ሌላ መረጥኩለት። ሽማግሌው በሩን እየከፈተ፣ እያየኝ፣ እየዘጋ ዋለ።

ሐሙስ ትዕግሥቴ አለቀ። ሁሉንም ዓይነት ፋይል ይከፍታል የተባለ አዲስ ፕሮግራም ጫንኩና የሐሰንን ፋይል ሰጠሁት። ሁለት መስመር የእንግሊዝኛ ማስጠንቀቂያ አወጣ። በእንግሊዝኛ ስንት ወፍራም መጽሐፍ ጨርሻለሁ፤ እነዚያን ሁለት መስመሮች ግን አላነበብኳቸውም። "እሺ" የሚለውን ተጫንኩ። የመጣልኝ ከሥር ያለው ጥሬ ስካን ብቻ ነው፤ ማኅተሙ ከግራ ግንባሩ እስከ ጉንጩ የወረደበት። ጋሽ ተሰማ ከላይ የደረቧቸው ንብርብሮች በሙሉ የሉም። ተናድጄ ስዘጋው፣ "ላስቀምጠው?" ሲል ጠየቀኝ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ለዚህ ጥያቄ የሰጠሁት መልስ አንድ ነው። እጄ ከእኔ ቀድሞ "አዎ" አለ፤ ጥሬው ስካን በጋሽ ተሰማ ሥራ ላይ ተጻፈበት።

ቅጂ አልያዝኩም ነበር። ይህን ዓረፍተ ነገር ማሳመሪያ ላበጅለት ሞክሬ አልሆነልኝም። ለሌላው ሰው ሁሉ "መጀመሪያ ገልብጥ" እያልኩ ስሰብክ የኖርኩ ሰው፣ ሦስት ሳምንት የተለፋበትን ፊት በሁለት ጠቅታ ደመሰስኩት።

አርብ ቀን ጥፋቴን ለመርሳት ያህል እንደገና ሽማግሌው ላይ ተቀመጥኩ። ከመጥፋቱ በፊት ከታች የሚሮጠውን ጽሑፍ በስልኬ ቪዲዮ ቀርጬ ቀስ አድርጌ አየሁት። የመጨረሻው መስመር ፎንቶችን እያነበብኩ ነው ይላል። ቤታችን ውስጥ ባለፉት ዓመታት የተከማቸ መዓት ፎንት፣ ማለትም የፊደል ዓይነት፣ ነበር። ግማሹን አወጣሁ፤ ሽማግሌው ተከፈተ። ከወጡት ግማሹን መለስኩ፤ ወደቀ። እንዲህ ግማሽ በግማሽ እያልኩ አንዲት ፎንት ላይ ደረስኩ። በዲስኬት ዘመን ከጅማ የመጣች፣ ጠርዟ በአበባ ያጌጠ፣ የሰርግ ፎቶ ላይ "መልካም ጋብቻ" የሚጻፍባት የአማርኛ ፎንት ናት። ውስጧ ጎደሎ ነበር። አሮጌው ሲስተም ጎደሎውን አይቶ እንዳላየ ያልፋል፤ አዲሱ አያልፍም፤ ሽማግሌውም እሷን ላንብብ ሲል ይወድቃል። ይህችን ፎንት ከሚዛን እስከ ቴፒ ያለ ፎቶ ቤት ሁሉ አንዱ ከሌላው ገልብጧታል፤ ሰው ጉንፋኑን እንኳ ለጎረቤቱ እንዲህ በደስታ አያካፍልም። ከዚያ በኋላ በየከተማው ስም ያወጣሁት እሷን በማስወገድ ነው። ሰው ሊቅ ነው ሲለኝ ሐሙስ ትዝ ይለኛል። ሽማግሌውን አንድ ቀን ብታገሠው ኖሮ ፋይሉ በእጄ ነበር።

ቅዳሜ ገበያ ሄድኩ። እትዬ ሐዋ ከኮረሪማዋ ኋላ ተቀምጣለች። ነገርኳት፤ ሳላለሳልስ።

"ጠፋ ማለት... የት ይሄዳል? ቤትህ ውስጥ አይደለም እንዴ?"

"እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ከሥር ያለው ብቻ ቀርቷል፤ ማኅተሙ ያለበት።"

ሚዛኑን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠች። "አንዴ መኪና ገደለብኝ። አሁን ደግሞ አንተ።"

"ጋሽ ተሰማ እንዳደረጉት አድርጌ እሠራዋለሁ። ግን ፊቱን የምታውቂው አንቺ ነሽ። መጥተሽ አጠገቤ ተቀመጪ።"

"ሃያ ዓመት ያለፈውን ፊት?"

"አዎ።"

ሰኞ ከሰዓት መጣች፤ ሰዓዳንም ይዛት መጣች። ሙሽራዋ ሻሿን እስከ ዓይኗ ድረስ ዝቅ አድርጋ ጥግ ላይ ቆመች፤ የተቆጣች መሰለኝ፣ አልፈረድኩባትም። እትዬ ሐዋ አጠገቤ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ይህን ጊዜ ቅጂ ይዣለሁ፤ በሦስት ቦታ። ሰማያዊውን ንብርብር ለብቻው አወጣሁ፤ ማኅተሙ ሳሳ። ከጉንጩ ጀምሬ ወደ ላይ እያጸዳሁ ወጣሁ። እትዬ ሐዋ "ወደ አገጩ ትንሽ ጠቆር ይላል" ትላለች፤ አጠቁራለሁ። "እሱ ሰው ሲያናግረው እንዲህ አይኮሳተርም" ትላለች፤ ይህን ማስተካከል የሚችል ፕሮግራም ገና አልተሠራም። ማኅተሙ ከግንባሩ ላይ ሲነሳ የግራ ቅንድቡ ተገለጠ። ከቀኙ በጣም ከፍ ያለ ነው፤ አንድ ነገር ነግረኸው ያላመነህ ይመስላል። የቀኙን ዓይን ለመቁረጥ መስመር ማስመር ጀመርኩ።

"ተው!" አለች እትዬ ሐዋ። ክንዴን ያዘችኝ።

"ገና እኮ ነው እትዬ። ዓይኑን አላመሳሰልኩትም።"

"አትንካው አልኩህ! ይኼ ነው... ይኼ ሐሰን ነው።"

ሰዓዳ ከጥጉ ወደ እኛ መጣች። የኮምፒውተሩ ማያ ላይ ጎንበስ ብላ ቆየች፤ ከዚያ ሻሿን ወደ ኋላ ገፋችው። የግራ ቅንድቧ ከቀኙ ከፍ ያለ ነበር። በዚያ ግራ መጋባት መካከል እንኳ ልትጠይቅ የፈለገችው ነገር ያላት እንጂ የምታለቅስ አትመስልም።

"እማ፣ ለምን አልነገርሽኝም?"

"አልነገርኩሽም? ትምህርት ቤት 'ጠማማ' እያሉሽ እያለቀስሽ ስትመጪ ስንቴ ነገርኩሽ! የአባትሽ ነው አልኩሽ። አንቺ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ አየሽና 'ትዋሺኛለሽ' አልሽኝ።"

ልጅቷ የራሷን ቅንድብ በጣቷ ዳሰሰች። እኔም፣ "ታዲያ ለጋሽ ተሰማ ያኔ ለምን አልነገርሻቸውም?" አልኳት።

"እንዴት ብዬ? ሦስት ሳምንት ሙሉ ተጨንቀው ሠሩልኝ። ሲያስረክቡኝ ደስታቸውን ብታይ!" ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ ሳቅም መጣባት። "ደግሞስ ቆንጆ አድርገውልኝ ነበር። ቆንጆ ባል ማን ይጠላል?"

ሐሰን በሰርጉ ፎቶ ላይ ከልጁ በስተቀኝ ቆመ። ከሙሽራው ወገን አንድ ሽማግሌ ፎቶውን ሲያዩ፣ "አባትየው ምነው እንዲህ ቅንድባቸውን ሰቅለው ያዩናል? ጥሎሹ አነሳቸው እንዴ?" አሉ አሉ። ከሁሉም በላይ የሳቀችው ሰዓዳ ናት ብለውኛል።

በሰርጉ ማግስት የሐሰንን ፎቶ አንድ ቅጂ ይዤ ቴፒ ወረድኩ። ጋሽ ተሰማ ከልጃቸው ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሐሙስ ቀን ያደረግኩትን ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ፎቶውን ብቻ ጠየቁኝ። ወደ ደህናው ዓይናቸው አስጠግተው ረጅም ጊዜ አዩት።

"ይኼንን ቅንድብ እኔ ነኝ ያመሳሰልኩት?"

"እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ።"

"ማን ጠየቀኝ?"

ፎቶውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። "ስንት ሰው ይሆን እንዲህ ያደረግኩት..." አሉ፤ ቀጥለው ደግሞ፣ "ስማ ይልማ። እኔ ስሞት ልጆቼ ፎቶ ይዘው ይመጡብሃል። ኪንታሮቴን፣ ይቺን የተሸበሸበች ዓይኔን፣ አንዷንም እንዳትነካ" አሉኝ።

"እሺ" አልኩ።

ካቻምና አረፉ። እሳቸው እንዳሉትም ልጆቻቸው ፎቶ ይዘው መጡ። ሳልነካ አሳደግኩት፤ ከሠራሁት ሁሉ የምወደው ነው። ታላቅ ልጃቸው አየውና ፊቱ ጠቆረ። "እንዴ፣ ይልማ! አባባ እንዲህ አልነበረም። ትንሽ አስተካክልልን እንጂ፣ አንተ የሙያ ልጁ አይደለህም እንዴ?" ቃላቸውን ነገርኩት። "ሽምግልና ነው፤ መጨረሻ ላይ ብዙ ነገር ይል ነበር" አለኝ። እምቢ አልኩ። ሳይከፋቸው አመስግነውኝ ሄዱ።

አርባቸው ዕለት ቴፒ ስደርስ ፎቶው ሳሎኑ መሃል ላይ በወርቃማ ፍሬም ተሰቅሏል። በስልክ ሠርተውታል፤ አምስት ደቂቃም አልፈጀ ብለው ነገሩኝ። ኪንታሮቱ የለም። ሁለቱ ዓይኖች እኩል ናቸው። ለቀስተኛው በሙሉ "ቁርጥ እሳቸውን!" ይላል። እኔም ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁና ከማላውቀው ሰውዬ ፎቶ ሥር ተቀመጥኩ።